እታፈራሁ ጽዋውን ያሳለፈችበት ዓመት

ተቆጥቼ አላውቅም የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ኪሴን እጠብቃለሁ። እኔ ዋለልኝ ቁጡ ነኝ፣ አልደብቅም። ጅቡቲ ላይ ይህን ሁሉ በጋ ያሳለፈ ሰው ካልተቆጣ ወይ መልአክ ነው ወይ ጫት ላይ ነው። አሁንማ ለቁጣውም አቅም አጣሁ። አዲሱ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ናጋድ ይቆማል፤ እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩበት አሮጌው ጣቢያ ተዘግቶ ድመት ይተኛበታል። ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ወጪ ወራጁን አያለሁ። በቀደም ከማኅበራችን አንዷ ሴት ከጓደኛዋ ተኳርፋ ፊቷን አጥቁራ መጣች። «ጋሽ ዋለልኝ፣ ክርስቲያን ይቆጣል እንዴ?» አለችኝ። ቁጭ በይ፣ የእታፈራሁን ልንገርሽ አልኳት። ለእናንተም ያንኑ ነው የምነግራችሁ።

እታፈራሁ የወሎ ልጅ ናት፣ ከሐይቅ ዳር። በደርግ ጊዜ መጥታ ጋቦዴ ሰፈር እትዬ ዙለይካ ቤት ገባች፣ እዚያው ቀረች። እትዬ ዙለይካና ባለቤታቸው ከይረዲን የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፤ ማዕከላዊ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። እታፈራሁ ስትገባ ልጃቸው ሙኒራ ገና የወተት ጥርሷን ያልነቀለች ነበረች። አጥባ፣ አብልታ፣ ትምህርት ቤት አድርሳ መልሳ አሳደገቻት። ልጅቷ በሶማሌኛ ትጫወታለች፣ በፈረንሳይኛ ትማራለች፤ ሲያማት ግን «እታፍዬ» እያለች የምታለቅሰው በአማርኛ ነበር።

ሳቋን ብትሰሙት! አጥር ዘሎ መንገድ ላይ ይደርሳል። እኛ የሰው ቤት ሠራተኞችና ዘበኞች የምንጠጣው የጽዋ ማኅበር አለን። ሌላው አገር የጻድቁን ቀን ይጠብቃል፤ የኛ ሰው ግን ከእመቤቶቹ እጅ የሚለቀቀው ዓርብ ስለሆነ ማኅበራችን ዓርብ ነው። ጠላውም በዚህ ከተማ ውሃ ይጠመቃልና ጨው ጨው ይላል። ያኔም አሁንም የማኅበሩ ሙሴ፣ አለቃው ማለት ነው፣ እኔ ነኝ። እታፈራሁ ካልመጣች ማኅበሩ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር።

እናቷ እማማ ስንዱ አገር ቤት ናቸው። ሰው በመጣ ቁጥር የሚልኩባት መልእክት አንድ ነው፤ «ሳትቆርቢ እንዳልሞት።» እሷ ደግሞ ቁርባንን የሽማግሌና የባልቴት ነገር አድርጋው «ለከርሞ በላት» ትላለች። ከርሞ መጣ፣ ሌላ ከርሞ መጣ። ሰው መቼም እናት የምታልቅ አይመስለውም።

በዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት በሁዳዴው መሀል ለፋሲካ የሚሆን ስንቅ ቋጥራ ጣቢያ ድረስ አመጣችልኝ። ሻሽ፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ለጉልበት የሚሆን ቅባት። «ቡልቻ ሲመጣ ይስጡልኝ። ቅባቱን ትቀባው እንጂ እንዳትበላው ይንገርልኝ!» አለችና ሳቀች። ቡልቻ ከኮምቦልቻ በጋላፊ በኩል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ የወሎ ሰው መልእክትና ስንቅ የሚሄደውም የሚመጣውም በሱ ነበር።

ቡልቻ መጣ። ቋጠሮውን ሰጠሁት። የማን እንደሆነ ሲሰማ መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ይሄን አልጭንም።»

«ለምን? ከበደህ?» አልኩት፤ ያው ቁጣዬ ቅርብ ነው።

«ለሞተ ሰው ስንቅ አልጭንም። እማማ ስንዱ ጥምቀት ሳይደርስ ነው የተቀበሩት። ያን ጊዜ ራሴ ለትርንጎ ነግሬያታለሁ። እታፈራሁ እስካሁን አልሰማችም እንዴ?»

በስመ አብ! ትርንጎ የእታፈራሁ የአገሯ ልጅ ናት፤ ፈረንሳዮች ቤት ትሠራለች። ዓርብ ዓርብ የሚያርፉባት ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተዋል፤ አንድ ፍራሽ ነው ያላቸው። ይህች ሰው ናት እንግዲህ ሞቱን ሆዷ ይዛ የተኛችው።

ሄጄ ጮህኩባት። ነገረችኝ። በአገራችን መርዶ እንዲሁ አይጣልም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ምቹ ቀን ታይቶ፣ በማለዳ ነው የሚረዳው። ተቀጥራ የምትኖር ከሆነች ደግሞ የቤቱ እመቤት ትማከራለች። ትርንጎም ወሬውን እንደሰማች እትዬ ዙለይካ ዘንድ ሄደች። ያ ሳምንት የሙኒራ ሠርግ የሚደገስበት ነበር። «ሠርጉ ይለፍና እኔው ራሴ አስለቅሳታለሁ» አሏት። ሠርጉ አለፈ። የሙሽሮቹ ጥሪ ይለፍ አሉ። እሱም አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ። «በባዶ አንጀቷ ምን ልበላት?» አለች ትርንጎ። ዛሬ ነገ ስትል መጋቢት ሆነ። ነገሩ ሲጀመር ደግነት ነበር፤ ደግነትም ሲያድር ይሻግታል።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ሰዎች ይዤ፣ ቄሳችንን መምሬ በዕውቀቱን ከፊት አድርጌ፣ ትርንጎንም ጨምሬ በማለዳ ጋቦዴ ሄድን። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፣ መጥረጊያ ይዛ። ፈገግ ልትል ነበር። ነጠላችንን አዘቅዝቀን መልበሳችንን ስታይ መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። «እማዬ ናት?» አለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ።

ለቅሶው ጋብ ሲል ወደ እኔ ዞረች። «መቼ ነው?»

መዋሸት አልችልበትም። «በጥር» አልኳት።

«ከሠርጉ በፊት ነው በኋላ?»

ትርንጎ ወለሉን አየች። እትዬ ዙለይካ መቁጠሪያቸውን አየት አደረጉ። እታፈራሁ ተራ በተራ አየቻቸውና ለቅሶዋ ቀጥ አለ። በቃ፣ ደረቀ።

ሠርጉ ላይ እኔም ነበርኩ። ያን ቀን እታፈራሁ እንደጨፈረች የእናት ልጅ አልጨፈረችም። ያሳደገቻት ልጅ ስትዳር! በትከሻዋ ሰውን ሁሉ ከወንበሩ አስነሳችው። እልልታዋን የሰሙ የሐረር ሴቶች «ይህችማ የሙሽሪት እናት ናት» ሲሉ ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ እማማ ስንዱ ከተቀበሩ ገና ዐፈራቸው አልደረቀም። ትርንጎ አጠገቧ ቆማ ታጨበጭብ ነበር።

ብትጮህ ደግ ነበር። ብትሳደብ፣ ሳህን ብትሰብር እኔ ራሴ ሌላ ሳህን አቀብላት ነበር። እሷ ግን ዝም አለች። ሥራዋን ትሠራለች፣ ምግቡን ታቀርባለች፣ «እሺ እትዬ» ትላለች፣ ሌላ ቃል የለም። ከትርንጎ ጋር ያላትን ክፍል ተወች፤ ዓርብንም እዚያው ሰው ቤት ትውል ጀመር። ማኅበር ትመጣለች። የተጣላ ሰው ጽዋ እንደማይቀምስ ሁላችንም እናውቃለን፣ ሕጋችን ነው። ጽዋው ሲደርሳት ትቀበላለች፣ ትንሽ ትይዘዋለች፣ ከንፈሯን ሳታስነካ ለሚቀጥለው ታሳልፋለች። ትርንጎ ማዶ ተቀምጣ ታያለች፤ ሲደርሳት እሷም ታሳልፋለች። ዓርብ በመጣ ቁጥር ይሄን ማየት እንዴት እንደሚያደክም! ጠላው ሬት ሆነብን።

ሙቀቱ በገባ ጊዜ እታፈራሁ መምሬን «ለእናቴ ሙት ዓመት ልቁረብ» አለቻቸው። እናቷ በሕይወት ሳሉ የለመኗትን ቢያንስ ለሙት ዓመታቸው ልታደርስላቸው ነው። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ስንቁ እንኳ እኔ ዘንድ ጣቢያው መጋዘን ተቀምጦ ነበር፤ ምን ይሁን አላለችኝም። ያቺን ቁርባን ብቻ። መምሬም «ከሰው ተጣልተሽ?» አሏት። ነገሩ እዚህ ላይ ተቋጠረ።

እኛ ሽማግሌ ነን ባዮች ተነሳን። ትርንጎ ከባሕሩ ዳር ነጭ ድንጋይ አንስታ በማጅራቷ ተሸክማ እታፈራሁ ፊት ተንበረከከች። ላቧ ጠብ ጠብ ይላል። «ይቅር ለእግዚአብሔር በይ» አልን በአንድ አፍ።

«አውርጂው፣ አንገትሽን ያምሻል» አለች እታፈራሁ። ያዘነችላት መስሎን ደስ ሲለን፣ «ድንጋይ ብትሸከም እኔ ያልቀበርኳት እናቴ ትነሳለች?» አለች።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት! አልሰማሽም?» ብዬ ተቆጣሁ።

«ሰምቻለሁ ጋሽ ዋለልኝ። እርስዎ የፈለጉት እኔ እንድድን አይደለም፤ ጠላዎን በሰላም መጠጣት ነው። በአፌ ይቅር ብዬ በሆዴ ልያዝላችሁ?»

እውነቷን ነው። ንድድ ብሎኝ ወጣሁ፤ ሰው እውነቱን ሲነግሩት አይደል የሚናደድ።

መምሬ በዕውቀቱ ግን ሽማግሌ አልላኩባትም። ቀጭን፣ ሁልጊዜ የደከማቸው የሚመስሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከቅዳሴ በኋላ አስጠሯት። እኔም ነበርኩ፤ ሂድ አላሉኝም።

«አባ፣ ይቅር ብያለሁ ብዬ ልዋሽ?» አለቻቸው ገና ሳትቀመጥ።

«አትዋሺ።»

«እንግዲያው አልቆርብም ማለት ነው።»

«ቆዪ፣ አትቸኩዪ። ቁጣሽ ኃጢአት ነው ያለሽ ማነው?»

«ሁሉም!» አለችና እኔን አየችኝ።

«እኔ አላልኩም። ተበድለሻል ልጄ። የእናትሽን ለቅሶ ወስደውብሻል። ይሄን አይቶ የማይቆጣ ልብ ካለ ደንዝዟል ማለት ነው። ጌታም ሰው ሲበደል አይቶ ተቆጥቷል። ቁጣ እንግዳ ነው፤ የመጣበትን ተናግሮ ይሄዳል። አንቺ ግን ሳታናግሪው አልጋ አነጠፍሽለት፣ ከረመ፣ አሁን ቤቱን የያዘው እሱ ነው። ቂም የምንለው ይህንን ነው። ያደከመሽም እሱ ነው፤ ስትሄጂ እያየሁሽ ነው፣ እግርሽን ትጎትቻለሽ።»

እታፈራሁ አለቀሰች። ከመርዶው ቀን ወዲህ ስታለቅስ ማየቴ ነበር። «ምን ላድርግ ታዲያ?»

«የበደሉሽ ሰዎች ምን እንደወሰዱብሽ ካንቺ አፍ ሰምተዋል?»

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

«ሂጂና ንገሪያቸው። ለእኔ አይደለም፣ ለዋለልኝም አይደለም፣ ለእነሱ። ሳትሳደቢ፣ ሳትረግሚ። ግን አትቀንሺላቸው። ንገሪያቸውና የሚሉትን ስሚ፤ ይቅርታው ከዚያ ወዲያ ነው።»

እትዬ ዙለይካን አስቀደመች። እንዴት እንደሆነ ራሷ ነገረችኝ። እመቤቲቱ አትክልት ሲለቅሙ አጠገባቸው ቁጭ አለችና «እትዬ፣ ሙኒራን እንደ ልጄ ነው ያሳደግኳት?» አለቻቸው። «እንዴታ! ምን ጥያቄ ነው?» አሉ። «እናቴ ዐፈር ውስጥ ሆና በልጄ ሠርግ አስጨፈሩኝ። ሙኒራን ባየኋት ቁጥር አሁን የሚታየኝ እሱ ነው። ሁለቱንም ነው የወሰዱብኝ።» እትዬ ዙለይካ «ላንቺ አዝኜ እኮ...» ብለው ጀመሩና መሀል ላይ ተውት። ጎመኑን አስቀመጡ። «ዋሸሁ። ላንቺ አይደለም። ሠርጌ እንዳይበላሽብኝ ነው። ቤቴ ለቅሶ ሲነሳ ታየኝና ፈራሁ። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አሉ። ሁለቱም ጎመን እየለቀሙ አለቀሱ።

«አሁን ምን ዓይነት ነገር ነው ጋሽ ዋለልኝ፣ እውነቱን ሲያምኑ ቀለለኝ እኮ!» አለችኝ።

ትርንጎ ግን ከበደቻት። እውነት ነው፣ የባዕድ በደል ቆዳ ነው የሚልጠው፣ የወዳጅ ግን ሥጋ ይዞ ይመጣል። «እትዬ እናቴን አያውቋትም። ትርንጎ ግን ከእናቴ እጅ ጎርሳለች» ትላለች። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳርም። ልትነግራት ትነሳለች፣ እግሯ ይታሰራል። ጥር ገባ። የሙት ዓመቱ ቅዳሴ በዓርብ ዋለ።

ያን ቀን እኔ ለመድኃኒቴ ውሃ ስለቀመስኩ ውጭ ኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጫለሁ። እታፈራሁ ነጭ በነጭ ለብሳ መጣች። ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰችም። ቅዳሴው ገብቷል። አንድ ጫማዋን አውልቃ ሁለተኛውን ልትፈታ ስትል ትርንጎን አየቻት፣ ከአጥሩ ሥር፣ እንደ ለማኝ ለብቻዋ ቆማለች። ለእማማ ስንዱ ልትጸልይ መጥታ እታፈራሁን እንዳታስቀይም ብላ አልገባችም።

እታፈራሁ በሩን አየች፣ ትርንጎን አየች። አንድ ጫማ እንዳደረገች ወደ አጥሩ ሄደች። እኔ ጋ ሁሉም ይሰማል።

«አጠገቤ ነበርሽ። እልል ስል እያጨበጨብሽልኝ ነበር። እጄን ይዘሽ ብታወጪኝ ምን ነበረበት?» አለቻት።

«ልክ ነሽ» አለች ትርንጎ።

«እማዬ እንዴት ናት ስልሽ፣ ደህና ናት አሉ አልሽኝ። በዚያ በአንድ ፍራሽ ተኝተን!»

«ብያለሁ።»

«ስንቅ ስቋጥር አየሽኝ! ሻሹን አብረሽኝ መረጥሽ! ሰው እንዴት ይሄን ይችላል? ሌላ ቢያደርገው እኮ ሌላ ነው ብዬ እተወዋለሁ! አንቺ ነሽ እኮ!» ድምፅዋ ከቅዳሴው በላይ ወጣ። ትርንጎ ራሷን እየነቀነቀች ትሰማለች እንጂ አንድም ቃል አልተከራከረችም። እታፈራሁ ያላት ሁሉ እስኪያልቅ ተናገረች። ከዚያ አጥሩን ተደግፋ ተቀመጠች።

«ደከመኝ» አለች።

«እኔም» አለች ትርንጎ፣ አጠገቧ ተቀመጠች።

እታፈራሁ በቀስታ፣ «እንዴት ሞተች? ዓመት ሙሉ አኩርፌሽ እሱን እንኳ አልጠየቅኩሽም» አለች።

«ብርድ መታኝ ብላ ተኛች። አልቆየችም። ወንድምሽ አጠገቧ ነበር።»

«ምን አለች?»

«ተይው።»

«ትርንጎ፣ ምን አለች?»

ትርንጎ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። «ለእታፈራሁ ቶሎ እንዳትነግሯት አለች። በሰው አገር ብቻዋን እንዳታለቅስ፤ ደስ ብሏት ትሰንብት፣ ሲመቻችሁ ንገሯት አለች። ቡልቻ ወንድምሽ ያለውን እንዳለ ነው የነገረኝ።»

እኔ ራሴ ተነሥቼ ቆምኩ። እታፈራሁ አፏን ከፍታ ታያታለች።

«አንቺ! ታዲያ ይሄን የመርዶው ቀን አትነግሪኝም ነበር? ድንጋይ ተሸክመሽ ስትመጪ አትነግሪኝም ነበር?»

«ምን ብዬ? ያን ጊዜ እሳት ነበርሽ። በእኔ ብትቆጪ እኔ አለሁ፤ ዛሬም ነገም እመጣለሁ፣ ሽማግሌ እልካለሁ። በእናትሽ ብትቆጪ ማን ያስታርቅሻል? መቃብር ሽማግሌ አይላክበትም።»

እታፈራሁ ጉልበቷን መታች። «እማዬ! አንቺም አለሽበት!» አለች ወደ ሰማይ። ከዚያ ሳቀች። ያ አጥር የሚዘልለው ሳቋ፣ ከእንባው ጋር ተደባልቆ ወጣ፣ ትርንጎ አንገት ላይ ተጠምጥማ። ውስጥ ወንጌል ሊነበብ ነው። ከወንጌል በኋላ የገባ እንደማይቆርብ ታውቃለች።

«ግቢ እንጂ አንቺ ሴትዮ! ቁርባኑ ሊያልፍሽ ነው! የእናትሽ ሙት ዓመት አይደለም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ይለፈኝ ጋሽ ዋለልኝ» አለች አንገቷን እንኳ ሳታዞር። «ገና አሁን ነው በእናቴ የተቆጣሁት።»

አለፋት። ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቀን እዚያ አጥር ሥር፣ በአንድ እግር ጫማ አለፈ። ከሰዓት በማኅበሩ ግን ጽዋው ሲደርሳት ጠጣችና ለትርንጎ በእጇ ሰጠቻት። ስንቁን አምጣ አለችኝ፤ አመጣሁ። ስኳሩን ጉንዳን ጨርሶታል። ሻሹን ትርንጎ ራስ ላይ አሰረችው። ቅባቱን ለእኔ ጉልበት ሰጠችኝ፣ «እንዳይበሉት» ብላ።

በሳምንቱ ሁለቱም ሊቆርቡ መጡ። መምሬ በዕውቀቱ በር ላይ አቆሟትና «ልጄ፣ ያልታረቅሽው ሰው ቀርቷል?» አሏት።

«እናቴ ቀርታ ነበር» አለች፣ «እሷም ትናንት ማታ ስለ እሷ ስናወራ ታረቀችኝ።»

«ማን አስታረቃችሁ?»

«ትርንጎ» አለችና ሁለቱንም ጫማዋን አውልቃ ገባች።